ክፍሉን ከመከራየትሽ በፊት ሱፐርቫይዘር ፈልጊ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ እትዬ። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በ2015 ዓ.ም. ይዣለሁ፤ የመውጫ ፈተናውን መጀመሪያ ከወሰዱት ነኝ፣ አልፌዋለሁ። አያት ጨፌ ኮንዶሚኒየም ከቤተሰቦቼ ጋር እኖራለሁ፤ እዚያው ሰፈር ባለ የግል ትምህርት ቤት በካውንስለርነት ተቀጥሬያለሁ። አንድ ማሠልጠኛ በሦስት ወር ‹ሰርቲፋይድ ካውንስለር› አድርገን ፈቃድ እናሰጥሻለን ይለኛል። የአጎቴ ልጅ ቨርጂኒያ ፈቃድ ያላት ካውንስለር ናት፤ ስነግራት ሳቀችብኝ። ለገጣፎ ላይ ርካሽ ክፍል አግኝቻለሁ፣ ልጀምር? አንዲት ጎረቤታችንም ማታ ማታ እየመጣች የሆዷን ታጫውተኛለች፤ በቀደም ‹ተኝቼ በዚያው ብቀር ደስ ይለኛል› አለችኝ። ምን ልበላት?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ልነሣ። ሌላው መቆየት ይችላል፤ የጎረቤትሽ ነገር አይቆይም።

ዛሬ ማታ ስትመጣ ሳታድበሰብሺ ጠይቂያት። «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» በያት። አዎ ካለች እንዴት እንደምታደርገው አስባበት እንደሆነ፣ ከዚህ በፊትም ሞክራ እንደሆነ ጠይቂያት። «እንዲህ ብዬ ብጠይቃት ያላሰበችውን ላሳስባት እችላለሁ» ብሎ መፍራት የተለመደ ነው፣ ተማሪዎቼም ሁሉ ይፈራሉ፤ ግን ልክ አይደለም። ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ብቻዋን የያዘችውን ነገር ለማውጣት በር ይከፍትላታል። ያሰበችበት ከሆነ ብቻዋን አትተያት። የምታምነውን የቤተሰብ ሰው ራሷ ትምረጥና አስጠሩላት፤ ራሷን ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ከቤት አርቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት። ለእናንተ ሰፈር የሚቀርበው ኤካ ኮተቤ ነው፣ የአእምሮ ሕክምና አለው። አማኑኤል ደግሞ ድንገተኛ ክፍል አለው።

«አይ፣ መሮኝ ነው እንጂ» ካለችሽም ሳምንቱ ሳያልቅ ጤና ጣቢያ አድርሻት። አዲስ አበባ ውስጥ በርካታ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ይሰጣሉ። ድካሙን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ የሆድ ባር ባር ማለቱን የእንቅርት ዕጢ መዛባት ወይም ደም ማነስም ሊያመጣው ይችላል፤ በደም ምርመራ የሚገኘውን ነገር አንቺ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለሽ አትደርሺበትም። «ለማንም አልናገርም» ብለሽም እንዳትምዪላት፤ ሕይወቷን የሚያሰጋ ነገር ከመጣ መናገርሽ አይቀርም፣ ያኔ ቃልሽን ያጠፍሽ ትሆኛለሽ። እስከዚያው ጎረቤቷ ነሽ። ቡና አፍልተሽ አዳምጫት። ገንዘብ አትቀበዪ፣ የመጀመሪያ ደንበኛዬ ናት ብለሽም አታስቢ።

ወደ ማሠልጠኛው እንሂድ። አትክፈዪ።

አጭር ሥልጠና ምንም አያስተምርም ማለቴ አይደለም፤ ማዳመጥን፣ ጥያቄ አጠያየቅን፣ የሐዘን ድጋፍን በሦስት ወር ማስተማር ይቻላል። ግን ማሠልጠኛ የሚሰጥሽ የሥልጠና ምስክር ወረቀት ነው፤ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው የመንግሥት አካል ነው። «ፈቃድ እናሰጥሻለን» ያለሽን ሰው ሁለት ነገር ጠይቂው፦ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ማን ነው? የምመዘገበውስ በየትኛው የሙያ መጠሪያ ነው? መልሱ ወደ «አንቺ ብቻ ተመዝገቢ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ከሄደ ነገሩን ተረዳሽው ማለት ነው። አንዳንዶቹ በመጨረሻ የሚያወጡልሽ የማማከር ንግድ ፈቃድ ነው። ንግድ ፈቃድ ግብር እንድትከፍዪ ያደርግሻል እንጂ በሰው አእምሮ ላይ እንድትሠሪ አያበቃሽም። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጁም (980/2008) ቢሆን የብቃት ማረጋገጫ ለሚጠየቅበት ሥራ፣ ከንግድ ፈቃዱ በፊት የዘርፉን መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ማምጣት ግዴታ ነው።

የአጎትሽ ልጅ ለምን እንደሳቀች ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ ይህን ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው። ኒውዮርክና ፍሎሪዳ «ፈቃድ ያለው የአእምሮ ጤና ካውንስለር» ይሉታል፤ ቨርጂኒያ «ፈቃድ ያለው ፕሮፌሽናል ካውንስለር» ትለዋለች። ቨርጂኒያ እንዲያውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ከሁሉም ቀድማ ሕጉን ያወጣች ናት፤ የመጨረሻዋ ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2009። መንገዱ በ60 ክሬዲት ማስተርስ ይጀምራል፤ የተግባር ልምምዱ እዚያው ውስጥ አለ። እኛ አገር ቢሆን በዚህ ጊዜ ጋውን ተለብሶ ፎቶ ይነሡና አለቀ ይባላል። እነሱ ዘንድ ገና ነው። ቨርጂኒያ ከማስተርሱ በኋላ 3,400 ሰዓት በሱፐርቫይዘር (ሥራቸውን እየተከታተለ በሚያርማቸው ልምድ ያለው ባለሙያ) ሥር መሥራትን ትጠይቃለች፤ ከዚህ ውስጥ 2,000ው ፊት ለፊት ከደንበኛ ጋር የሚያሳልፉት ነው፣ 200 ሰዓቱ ደግሞ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ቁጭ ብለው የሠሩትን የሚመረምሩበት። ኒውዮርክ 3,000 ሰዓት ትጠይቃለች። በላዩ ላይ ፈተና አለ፤ እሱም የአንድን ደንበኛ ታሪክ እያቀረበ «አሁን ምን ታደርጋለህ?» እያለ የሚሄድ ነው፣ በሽምደዳ አይታለፍም።

ታዲያ እኛ ጋ እንዴት ነው? ያንን ሰዓት የሚቆጥርልሽ ሕግ የለም። ፈቃዱ የተንጠለጠለው በተማርሽው ዲግሪ ላይ ነው። በጤና ባለሙያነት የሚመዘገቡት ሳይካትሪስቱ፣ የሳይካትሪ ነርሱ፣ በአእምሮ ጤና ማስተርስ የያዘውና ክሊኒካል ሳይኮሎጂስቱ ናቸው። አንቺ የያዝሽው የመጀመሪያ ዲግሪ ለትምህርት ቤት ካውንስለርነት ይበቃል፤ በተፈናቃዮችና በስደተኞች ዙሪያ በሚሠሩ ድርጅቶች ውስጥ ለሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ድጋፍ ሥራም ያስቀጥርሻል። ለብቻሽ በር ከፍተሽ ታማሚ ለመቀበል ግን አያበቃሽም። ይህን የምልሽ ወረቀቱን አይቼ ብቻ አይደለም፤ በአራት ዓመት ትምህርት ውስጥ ከእውነተኛ ደንበኛ ጋር የተቀመጥሽባቸውን ሰዓቶች ራስሽ ቁጠሪያቸው።

ስለዚህ ማስተርስ ተማሪ። ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ አለ። ሐሳብሽ ከባድ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ጋር ሆስፒታል ውስጥ መሥራት ከሆነ ክሊኒካል ሳይኮሎጂን ምረጪ፤ ትዳር፣ ወጣት፣ ትምህርት ቤት፣ ሐዘን ከሆነ የሚስብሽ ካውንስሊንጉ ይሻልሻል። ጎንደርና ጅማ የሚሰጡት የአእምሮ ጤና ማስተርስ ጠንካራ ነው፣ ግን በአብዛኛው ከነርስነትና ከጤና መኮንንነት ለሚመጡ የታሰበ ነው። የትም ብታመለክቺ ከ2016 ወዲህ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለብሽ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ የምትማሪው የትምህርት መስክ በዚያው ካምፓስና በዚያው ደረጃ ዕውቅና እንዳለው ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄደሽ አጣሪ። የኮሌጁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፍሬም ላንቺ ትምህርት ክፍል የተሰጠ ላይሆን ይችላል። ከመመዝገብሽ በፊት ዲፓርትመንቱን ስንት ሰዓት ከደንበኛ ጋር ትሠሪ እንደሆነ፣ የሚያይሽም ማን እንደሆነ ጠይቂ። «ለተግባር ልምምድ ደብዳቤ እንጽፍልሻለን» ብቻ ካሉሽ፣ የሚያይሽን ሰው ራስሽ መፈለግ አለብሽ ማለት ነው።

ዋናው ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ሕጉ አልጠየቀሽም ማለት አያስፈልግሽም ማለት አይደለም። ቨርጂኒያ ለ200 ሰዓት የምታስገድደውን ነገር እኛ ለሰው ህሊና ትተነዋል፤ በዚህ ሥራ ላይ የማየው ጥፋት አብዛኛው የሚመጣውም ከዚያ ነው።

ሱፐርቪዥን ምን እንደሆነ በቅርብ ላሳይሽ። ታሪኩን ሰው እንዳይለየው ከብዙ ቦታ ቀላቅዬዋለሁ። አንዲት ጀማሪ ካውንስለር ከደንበኛዋ ጋር የተነጋገሩትን ቃል በቃል ጽፋ ይዛ ትመጣለች። ደንበኛዋ ከአረብ አገር የተመለሰች ባለትዳር ናት፤ «ጨጓራዬ ነው» ብላ ሐኪም ቤት ስትመላለስ ቆይታ ነው የተላከችላት። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፦

ደንበኛ፦ ስልክለት የነበረውን ብር የት እንዳደረሰው ስጠይቀው… እንግዲህ ያው ነው። አሁን አያነጋግረኝም።
ካውንስለር፦ ሽማግሌ ብትልኩበትስ?
ደንበኛ፦ እሺ፣ አስብበታለሁ።

ወጣቷ «ጥሩ ነበር፣ መፍትሔ ላይ ደረስን» አለች። እኔ ወረቀቱ ላይ ጣቴን ያሳረፍኩት «ስጠይቀው…» የሚለው ላይ ነው። እዚህ ምን ሆነች? ድምፅዋ ምን መሰለ? እጇስ የት ነበር? አሰበችና «ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳብ አደረገች» አለች። ቀጥዬ ጠየቅኋት፤ «ሽማግሌውን ያመጣሽው ለእሷ ነው ወይስ ዝምታው ላንቺ ከብዶሽ?» ዝም አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያችው ዓረፍተ ነገር ተመለሰችና «ስጠይቀው ብለሽ ያቋረጥሽው ነገር ነበር» አለቻት። ያኔ ወጣ፤ ስትጠይቀው ባሏ የመለሰው በዱላ ነበር። ሽማግሌዎችማ ከዚህ በፊትም ገብተዋል፣ ታርቀሽ ግቢ ብለው የመለሷት እነሱ ናቸው።

ይህቺ ካውንስለር ሰነፍ አልነበረችም። ጥሩ ውጤት ይዛ የተመረቀች፣ ደግ ልጅ ናት። ብቻዋን ብትሠራ ኖሮ ግን ያቺ ሴት «አስብበታለሁ» ብላ ሄዳ አትመለስም ነበር፤ ካውንስለሯም ተሳክቶልኛል እንዳለች ትቀር ነበር። ደንበኛ «አልጠቀምሽኝም» ብሎ አይከራከርሽም፣ በጨዋነት ይጠፋል። የሚነግርሽ ሌላ ዓይን ነው።

ከከተማው ዳር ሆነሽ ሱፐርቫይዘር ከየት ታገኚያለሽ? አንደኛ፣ ያስተማሩሽ መምህራን ውስጥ ደንበኛ የሚያዩ አሉ፤ ለእነሱ ጻፊ። «እባክዎ ይርዱኝ» ብለሽ ሳይሆን «በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት፣ ይህን ያህል ልክፈል፣ ሁለት ጉዳይ ጽፌ አመጣለሁ» ብለሽ። ሰው ለተወሰነ ነገር እሺ ይላል፣ ላልተወሰነው ይሸሻል። ሁለተኛ፣ ብቻሽን መክፈል ካልቻልሽ አራት አምስት ሆናችሁ አንድ ልምድ ያለው ሰው ያዙ፤ በቡድን የሚደረገው እንዲያውም ለጀማሪ ይሻላል፣ የሌላውን ስሕተት ማየት የራስን ከማየት ይቀላልና። ሦስተኛ፣ የኢትዮጵያ ሳይኮሎጂስቶች ማኅበር አባል ሁኚ፤ ሰው የምትተዋወቂው እዚያ ነው። መዝገብም ክፈቺ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የጉዳዩ ዓይነት፣ ያየልሽ ሰው ፊርማ። የደንበኛ ስም አይግባበት። ዛሬ የሚጠይቅሽ የለም፤ ነገ ቀጣሪም ሆነ ሕግ ሲጠይቅ የሌላቸው ይሯሯጣሉ።

ትምህርት ቤቱን አትናቂው። አውቃለሁ፣ «ካውንስለር» ተብሎ ተቀጥሮ ጠዋት በር ላይ አርፋጅ የሚመዘግበው፣ ፀጉር የሚያስቆርጠው ብዙ ነው። ዳይሬክተሩን ቀርበሽ ቅጣትና ምክር በአንድ ሰው እጅ እንዳይሆኑ አስረጂው፤ የቀጣሽው ልጅ ምስጢሩን አይነግርሽም። ይህን ካስተካከልሽ በሳምንት የምታገኚያቸውን ያህል ልጆች ክሊኒክ የተቀመጠ ብዙ ሰው አያገኝም። መቄዶንያም ከእናንተ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ ሄደሽ ብታገለግዪ ከአእምሮ ሕሙማን ጋር ሳትደነግጪ መቀመጥን ትለማመጃለሽ። ሱፐርቪዥን ግን አይተካም።

ለሥልጠና ያሰብሽው ገንዘብ ካለ ሌላ ቦታ አውዪው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው «ፕሮብለም ማኔጅመንት ፕላስ» የሚባል ዘዴ አለ፤ ማኑዋሉ በነፃ ይገኛል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው አምስት ጊዜ የሚደረግ ነው፦ ጭንቀትን በአተነፋፈስ ማርገብ፣ ችግርን ለይቶ መፍታት፣ ያቆሙትን የዕለት ሥራ በትንሽ በትንሹ መጀመር፣ ከሰው ጋር መልሶ መገናኘት። የተዘጋጀው ስፔሻሊስት ላልሆኑ ሰዎች ነው፤ ለከባድ ሕመም እንደማይሆንና መቼ ወደ ሐኪም መላክ እንዳለበትም በግልጽ ያስቀምጣል። እሱም ቢሆን የሚሠራው በሱፐርቫይዘር ሥር ነው። ያንን ገንዘብ እንዲህ ዓይነቱን ለሚያሠለጥንና ለሚከታተል ባለሙያ ብትከፍዪው ከ«ሰርቲፋይዱ» ይልቅ ይጠቅምሻል።

የለገጣፎው ክፍል። ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ደላላው ነግሮሽ ይሆናል፤ የማይነግርሽን እኔ ልንገርሽ። አያት አዲስ አበባ ነው፤ ጣፎን ተሻግረሽ ለገጣፎ ስትገቢ ኦሮሚያ ነሽ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ሸገር ከተማ። በታክሲ የደቂቃዎች መንገድ ነው፣ በወረቀት ግን ሌላ አስተዳደር ነው። ፈቃድ የምትጠይቂበት፣ ተቆጣጣሪ የሚመጣብሽ፣ ግብር የምትከፍዪበት ቢሮ በሙሉ ይቀየራል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ጓደኛሽ «እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ያወጣሁት» ቢልሽ ላንቺ አይሠራም። ስለዚህ ማስተርሱን ጨርሰሽም ቢሆን የቤት ኪራይ ውል ከመፈረምሽ በፊት ቤቱ ያለበት አስተዳደር ጤና ጽሕፈት ቤት ሄደሽ፣ ዲግሪሽን አሳይተሽ፣ በየትኛው መጠሪያ እንደሚመዘግቡሽና ለቤቱ ምን ዓይነት መስፈርት እንዳለ ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። የቃል መልስ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

ቤቱን ራሱ ስታዪ ደግሞ አንድ ነገር አድርጊ፦ ጓደኛሽን ውስጥ አስቀምጠሽ በተለምዶ ድምፅ ታውራ፣ አንቺ ውጪ ቁሚ። ቃሉ ከተሰማሽ ቤቱን ተዪው። በችፑድ የተከፈለ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ምክር አይሰጥም። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ «ለማን ነው?» ሲል ደንበኛሽ ምን ብሎ ይመልሳል? መጠበቂያው ከሱቁ ፊት ለፊት ነው? በእንዲህ ዓይነት ሰፈር ሰው በዕድርም በቤተ ክርስቲያንም ይተዋወቃል፤ አንዲት ሴት ካንቺ በር ስትወጣ የታየች ቀን ወሬው ቤቷ ቀድሟት ይገባል። ሌላው ቋንቋ ነው። ለገጣፎ ላይ በአፋን ኦሮሞ ሆዷን የምትገልጽ ሴት ትመጣብሻለች። ካልቻልሽ የሚችል ባለሙያ አስቀድመሽ እወቂና ላኪያት፤ ልጇን አስተርጓሚ አድርገሽ እናትየውን ስለ ትዳሯ እንዳትጠይቂ።

ማስታወሻ መያዝ ስትጀምሪ ቁልፍ ያለው ሳጥን ይኑርሽ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ (1321/2016) አለ፤ የወንጀል ሕጉም የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል። በቴሌግራም የሚላክልሽን የሌሊት መልእክት እዚያው እየመለስሽ ምክር አትስጪ፤ ስልክሽን ወንድምሽም ያነሣዋል።

ፀበልን በተመለከተ፣ ጥያቄው ይመጣብሻልና ካሁኑ ተዘጋጂ። ደንበኛሽን በፀበልና በመድኃኒት መካከል ምረጪ አትበያት፤ ፀበሉን ትመርጣለች፣ አንቺንም አትመለስብሽም። መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ከንስሐ አባቷ ጋር፣ እሷ ከፈቀደች፣ ብትነጋገሪ ይሻላል። ብዙዎቹ ካህናት ከምትጠብቂው በላይ ይረዳሉ።

አሜሪካ መሄድ በልብሽ ካለ ባጭሩ፦ እዚህ የሠራሽው ሰዓት ለቨርጂኒያው 3,400 አይቆጠርልሽም፤ ዲግሪሽም የሚታየው ተገምግሞ ነው፣ ምናልባትም ማስተርሱን እዚያ መማር ይኖርብሻል። የአጎትሽን ልጅ የፈቃዱን መስፈርት ሳይሆን ሱፐርቫይዘሯ ምን ምን ብሎ እንዳረማት ጠይቂያት፤ ከዚያ ብዙ ትማሪያለሽ።

ለማሠልጠኛው ቅድሚያ ክፍያ ከፍለሽ ከሆነ ደግሞ ደረሰኙንና «ፈቃድ እናሰጥሻለን» ያሉበትን ማስታወቂያ አስቀምጪ፤ ሥልጠናው ሳይጀመር ገንዘብሽ እንዲመለስ በደብዳቤ ጠይቂ፣ ቅጂውን አስፈርመሽ ያዢ።